መምህርት ሐሊማና ስም ያልወጣለት ፍጡር

የመምህርት ሐሊማን ማረፍ የነገረኝ አንድ የባጃጅ ነጂ ነው። ኪዳን አድርሼ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስሳፈር፣ «ወደ ከዚራ ነህ አባባ? እንግዲያው በውስጥ ለውስጥ ነው የምንሄደው፤ መንገዱ በለቅሶ ተዘግቷል። ያቺ ሸረሪት የምትሰበስበው አስተማሪ ሞተች አሉ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አወራኝ፤ የሰማሁት ግን የለም። ከሰፈራችን ስደርስ ከአጥራችን ማዶ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንዶቹ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዐት ፀሐይ ሳይበረታ ሊቀብሯት ተሰልፈው ነበር። ከኋላ ሆኜ እስከ መቃብሩ ተከተልሁ።

«ሸረሪት የምትሰበስበው» መባሏ ከሞቷ ቀጥሎ የቆጨኝ ነገር ነው። ሰውን ሁሉ ሳትታክት ስትነግር የኖረችው፣ የምትሰበስባቸው ፍጥረታት ሸረሪት አለመሆናቸውን ነበርና።

ሐሊማ የሶማሌ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህርት ነበረች። ትዳር መሥርታ ባሏን በሞት ካጣች ወዲህ፣ ከአባታቸው በወረሱት ግቢ ከታላቅ ወንድሟ ከጃማ ጋር ትኖር ነበር። ጃማ በቀፊራ ገበያ ሩዝና ዘይት ይነግዳል፤ ሰላት የማያሳልፍ፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። የእኔ አባት ደግሞ ለባቡሩ ሥራ ከደጋ የወረደ ሰው ሲሆን፣ እኔን ወደ አገሩ ልኮ ዜማና ቅኔ አስተማረኝ፤ እኔም ተምሬ ወደዚሁ ቆላ ተመለስሁ። በእኔና በሐሊማ መካከል የነበረው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው።

የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም። ሐሊማም በዕድሜ አባቷ የምሆነውን እኔን «አባባ፣ አንተ» ነበር የምትለኝ። እንግዳ ካህን ቤቴ ሲመጣ ታፍርና ወደ አንቱታ ትገባለች፤ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በኋላም ይጠፋባታል። ካህናቱ ሲገረሙ እኔ በልቤ እስቃለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዘንቢል የተሸፈነ ነገር ይዛ መጣች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው፤ እምቢ ብትል አልቀየምህም።»

«በይ እስቲ።»

«አልኮል ነው።»

«በስተርጅና ልታሰክሪኝ ነው?»

«አስተግፊሩላህ። የሚጠጡት እነሱ ናቸው፤ እነሱም ሞተዋል» ብላ ዘንቢሉን ገለጠችው።

በትናንሽ የመስታወት ብልቃጦች ውስጥ፣ በንጹሕ አልኮል ተነክረው፣ እግራቸው እንደ ፀጉር የቀጠነና የረዘመ ፍጥረታት ታጥፈው ተቀምጠዋል። ለትምህርቷ ስትል ሰብስባቸዋለች፤ አልኮል ከሌለ ይበሰብሳሉ። ጃማ ግን አልኮል የሚባል ነገር በአባቱ ቤት ጣራ ሥር አያድርም ብሏል። «የሚጠጣ አይደለም ብዬ ለመንኩት፤ አልሰማኝም» አለችኝ። «ቤቱ የእሱም ነው። ከወንድሜ ጋር በብልቃጥ አልጣላም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብልቃጦቹ በመጻሕፍቴ መደርደሪያ ታችኛው ክፍል ላይ ተቀመጡ። የድሬ ሙቀት አልኮሉን ስለሚያተንነው፣ በየጊዜው እየመጣች ትሞላዋለች። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ ዲያቆን ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ቆየና፣ «የኔታ፣ ይህ የምን አረቄ ነው? እግር አለው እኮ» አለኝ። ለሐሊማ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ያስተማረችኝን በአጭሩ ልናገር። ሸረሪት ወገቡ ቀጭን ነው፤ አካሉም ከሁለት የተከፈለ ነው። እነዚህኞቹ ግን አካላቸው እንደ ምስር ፍሬ አንድ ወጥ ነው። ድር አያደሩም፤ መርዝም የላቸውም። ዐይኖቻቸው ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ በጀርባቸው ላይ በተነሣች ትንሽ ጉብታ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ከስምንቱ እግሮቻቸው ሁለተኛው ጥንድ ከሁሉ ይረዝማል፤ በእርሱ ፊታቸውን እየዳሰሱ ይሄዳሉ። የቅኔ መምህሬ ዓይነ ስውር ነበሩና፣ በትራቸው ከእግራቸው ቀድሞ ድንጋዩንና ጭቃውን ሲለይላቸው ትዝ አለኝ። ይህን ስነግራት፣ «ሃያ ገጽ ከምጽፍ ይህንን አንድ ዐረፍተ ነገር ብጽፍ ይሻላል» አለች።

በአማርኛ ስም እንዳላቸው ጠየቅኋት። ሰው ሁሉ ሸረሪት ስለሚላቸው፣ ለብቻቸው የተሰጠ ስም ሰምታ አታውቅም። እርሷ «ባለ ረጅም እግሮቹ» ትላቸዋለች። ቀፊራ ጫት የሚሸጡት ሴቶች ደግሞ ስሙን ለእርሷ ሰጧት።

«ሐሊማ ሸረሪት፣ ዛሬስ ስንቱን በድርሽ ያዝሽ?» ይሏታል።

«እኔ አንድም አልያዝኩ። አንቺ ግን ስምንት እግር ቢሰጥሽ፣ አቦ፣ ገበያውን ሁሉ ብቻሽን ትዘጊው ነበር» ብላ ታልፋለች።

የምታፌዝባት ሴት ከሁሉ በላይ ትስቃለች። ሐሊማ ሰውን ሳታስቀይም መልስ መስጠት ታውቅ ነበር።

የድሬ ሜዳ ደረቅ ስለሆነ ለእነዚህ ፍጥረታት አይመችም፤ ርጥበት ይወዳሉ። ስለዚህ በሐረር መንገድ ሽቅብ ትወጣና፣ ከደንገጎ በታች ባለ ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ከምንጭ ዳር ድንጋይ ትገለብጣለች። አንድ ጊዜ ይዛኝ ወጥታ ነበር። እኔ በጥላ ሥር ተቀምጬ ዳዊቴን ስደግም፣ እርሷን ከሩቅ አያታለሁ። እያንዳንዱን ድንጋይ በሁለት እጇ ታነሣለች፤ ከሥሩ ያለውን ትመለከታለች፤ ከዚያም ድንጋዩን በነበረበት ጎድጓዳ፣ ጭቃ የነካው ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ትመልሰዋለች። ምንም ያልተገኘበትን እንኳ እንዲሁ ታደርገዋለች።

«ይህን ሁሉ ድንጋይ መልሰሽ የምትገጥሚው ለምንድን ነው?» አልኋት።

«የሰው ቤት ከፍተህ ሳትዘጋ ትሄዳለህ?»

ያገኘችውን በእግሩ አትይዝም። በእግሩ የተያዘ እንደሆነ እግሩን ጥሎ ያመልጣል፤ እግሩም ዳግመኛ አይበቅልለትም። መዳፏን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ትንፋሿ እንዳያስደነግጠው አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና፣ እስኪወጣበት ትጠብቃለች። ጉልበቷ ያማት ነበር፤ ግን አትነሣም። ተመልክታ የምታውቀው ዓይነት ሲሆን ትለቀዋለች። «አንብቤ የማልጽፈውን አልገድልም» ትል ነበር።

በዚያ ሸለቆ ከማንኛቸውም ጋር የማይመሳሰል አንድ ዓይነት አገኘች። በመጀመሪያ ያገኘችው ሴቷን ነው። በደስታ ፊቷ በርቶ መጣችና ብልቃጡን አሳየችኝ፤ እኔ ግን ከሌሎቹ ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም።

«አዲስ ነው?» አልኋት።

«እንጃ። ወንዱን ሳላይ አላውቅም።»

«ለምን?»

በዚህ ጊዜ አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ ነውር አይሁንብኝና፣ አንዱ ዓይነት ከሌላው የሚለየው በወንድነቱ ነው። ውጪው ተመሳሳይ ነው። እግዜር ልዩነቱን ደብቆ ያስቀመጠው እዚያ ላይ ነው።»

«እርሱ ሲፈጥር ካላፈረ እኛ ስንናገር ምን ያሳፍረናል?» አልኋት። ከዚያ በኋላ በግልጽ አስረዳችኝ፤ በአጉሊ መነጽር ሥር ለቀናት እየተመለከተች የሣለችውንም ሥዕል አሳየችኝ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያየሁት በድጓ ጸሐፊዎች ዘንድ ብቻ ነው።

ወንዱን ለማግኘት ዓመታት ፈጀባት። ባገኘችው ቀን ግን እንደ መጀመሪያው ጊዜ አልፈነጠዘችም፤ ጸጥ ብላ ገብታ ከወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ነው» አለችኝ። «በዓለም ላይ ማንም አልጻፈውም። ነው።»

ከዚያም ስም እንዳወጣለት ጠየቀችኝ። እኔ ለብዙ ሕፃናት የክርስትና ስም ሲወጣ አይቻለሁ፤ ለፍጡር ዘር ሁሉ የሚሆን ስም አውጣ የሚል ሰው ግን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አባታችን አዳም እንስሳትን ሁሉ በፊቱ አሳልፎ እንደ ሰየማቸው በልጅነቴ ስማር፣ ሥራው ያኔ የተጠናቀቀ ይመስለኝ ነበር። ለካ ገና ተሰልፈው የሚጠብቁ አሉ።

«ስሙ ሐሊማ ይባል» አልኋት።

«በራስ ስም መሰየም በእኛ ሙያ ነውር ነው። ጠላት ቢኖረኝ እንኳ አያደርገውም።»

«እንግዲያው በታላቅ ሰው ስም።»

«እሱ ታላቅ ሰው አያውቅም፤ ድንጋይ ሥር ነው የሚኖረው። ከግእዝ ፈልግልኝ። እሱን ራሱን የሚመስል ስም ይሁን።»

«ለምን በሶማልኛ አታደርጊውም?»

«የሶማልኛውን ለሚቀጥለው አስቀምጬዋለሁ» አለች።

ሱባኤ የገባሁ ያህል አሰብሁበት። ብዙ ስም ወሰድሁላት፤ አንዳንዱን «ይከብደዋል» አንዳንዱን «ይዋሻል» እያለች መለሰችብኝ። በመጨረሻ አንዱን ስነግራት ዐይኗን ጨፍና ደጋግማ ጠራችውና፣ «ይኸው፣ መጣ» አለች። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። በሙያቸው ሕግ፣ ስም ከመግለጫው ጋር በአንድነት ታትሞ፣ ፍጡሩም ሊቃውንት በሚያዩት ቦታ ተቀምጦ ካልሆነ በቀር አይጸናም። ቀድሞ የወጣ ስም ራቁቱን የቀረ ስም ነው ይሉታል።

ለምን ፈጥና አላሳተመችም? የሚቆጨኝ ይህ ነው። ወንዱ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም አንድ እግር ጎድሎታል። «ጎደሎ ሆኖ የተወለደ ቢሆንስ? ሌላ ወንድ አይቼ ላረጋግጥ» ትላለች። በየክረምቱ ትወጣለች፤ አታገኝም። ከዚያ የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ምንጩም ተዳከመ። ወጣት መምህራን «ባለሽ አሳትሚው» ሲሏት፣ «ስም አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም» እያለች ታዘገያለች። አልፈረድሁባትም፤ ዛሬም አልፈርድባትም። በእኛም ትምህርት ቤት ያልጸናበትን የሚያስተምር መምህር አይመሰገንም። ነገር ግን ጥንቃቄዋ ከዕድሜዋ ረዘመ።

ሕመሙ የጉበት ነበር። አዲስ አበባ ወስደው መለሷት። አልጋ ላይ ሆና መግለጫውን ጨረሰች፤ ሁለተኛውን ወንድ መጠበቅም ተወች። «አባባ፣ የአዲሱ ብልቃጥ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ላስተማሩኝ አስተማሪዬ ይላክ። እኔ ትንሽ ስበረታ የሚያደርሰው ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሳትበረታ ቀረች።

ለቅሶው ከተነሣ በኋላ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የታመነ ሰው አገኘሁ። መንገደኛው ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«ጃማ መጥቶ ወሰደው» አለችኝ። «የእህቴን ዕቃ ስጡኝ አለ። እህቱን ቀብሮ የመጣን ሰው ምን ብዬ እከለክለዋለሁ?»

እውነቷን ነው። በአጥሩ ዞሬ ሄድሁ። ጃማ ከግቢው ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብልቃጦቹ ታጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተገልብጠው በፀሐይ ያብረቀርቃሉ።

«ና አዴር፣ ተቀመጥ» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። ፊቱ ከሞተች ወዲህ አይቼበት የማላውቀው ዕረፍት ነበረበት። «ዛሬ አንድ ነገር አደረግሁላት። በስሟ የተቀመጠ አልኮል ከኋላዋ እንዲቀር አልፈለግሁም። ሩቅ ወስጄ ደፋሁት። ብልቃጡን ሰባት ጊዜ አጠብሁት።»

«ውስጥ የነበሩትስ?»

«እሷ የምትወዳቸው ፍጥረቶች አይደሉም? ቆሻሻ ላይ አልጣልኳቸውም፣ ወላሂ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ እዚህ ቀበርኳቸው።» በእጁ ከዛፉ ግንድ አጠገብ ያለውን አዲስ አፈር አሳየኝ። አፈሩ ላይ ውኃ አርከፍክፎበታል። የጉንዳን መስመር ከሥሩ ገብቶ ይወጣል።

ምን ልበል? የተሠራው ሥራ የፍቅር ሥራ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ብልቃጦቹን ለቆራሊዮ በሰጠ። ጎንበስ ብዬ ብልቃጦቹን ተመለከትሁ። ጃማ ግን ሰው የሚያውቅ ነጋዴ ነው፤ ፊቴን አይቶ፣ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። መዋሸት አልቻልሁም፤ ነገርሁት። ከእነዚያ መካከል አንዱ፣ ከዓይነቱ እስከ ዛሬ የተገኘ ብቸኛው ወንድ እንደ ነበር፣ አካሉ ከሌለ የጻፈችው ሁሉ እንደማይጸና፣ ስሙም እንደማይወጣ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና፣ ተነሥቶ አፈሩን በእጁ ጫረ። ጨርቁ ወጣ። በጨርቁ ላይ ከጉንዳን በቀር ምንም አልነበረም።

ለአስተማሪዋ ስልክ ደወልሁላቸው። «አባቴ፣ አካሉ ከሌለ ምን ላድርግ? እኔ የማውቀው ዓሣ ነው። እነዚህን የምታውቅልን ሐሊማ ነበረች» አሉኝ።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ የአጥራችን በር ተንኳኳ። ጃማ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተነክሯል፤ አንድ መዳፉ ተልጧል። በሌላው እጁ ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዟል፤ በውስጡ ርጥብ ቅጠልና፣ በቅጠሉ ላይ አንድ ባለ ረጅም እግር አለ። ሕያው ነው፤ እግሮቹም ሁሉ ሙሉ ናቸው።

«በእጄ ላይ እስኪወጣ ጠበቅሁት» አለኝ። «እሷ እንዲህ ነበር የምታደርገው አሉኝ፤ እዚያ ከብት የሚጠብቁት። እሱ ነው?»

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣሁት። አካሉ አንድ ወጥ ነው፤ ሸረሪት እንዳልሆነ አወቅሁ። በሁለቱ ረጃጅም እግሮቹ የጠርሙሱን ግድግዳ እየዳሰሰ መውጫ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ እርሱ ይሁን ሌላ፣ ለማወቅ አጉሊ መነጽሩም የለም፤ ያ መነጽር የትምህርት ቤቱ ስለ ነበር ተመልሷል። ቢኖርስ ዐይኔ ምን ብሎ ያነባል? ፊደሉን ያልቆጠርሁበት መጽሐፍ ነው።

«አላውቅም፣ ጃማ።»

ከጃኬቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አልኮል ነው። እጁን ከላዩ ሲያነሣ በልብሱ ጠረገው። «እንዳይበሰብስ» አለ።

ሁለታችንም ያንን ጠርሙስና ያንን አልኮል እየተመለከትን ተቀመጥን። አንብባ የማትጽፈውን አትገድልም ነበር። በዚህም ከተማ በአዲስ አበባም የሚያነብለት ሰው ከሌለ፣ ከመደርደሪያዬ ላይ አስቀምጬ ምን አደርገዋለሁ? ምናልባትም በዚያ ምንጭ ዳር የቀረው እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህንኑ ለጃማ ነገርሁት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ነገ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ» አለ። ጠርሙሱን አንሥቶ፣ እንዳይናወጥበት በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው። ከደጃፉ ደርሶ ቆመና ዞረ።

«አዴር፣ እስከ ነገ ምን ላብላው?»

ያን ሁሉ ዘመን ከመጻሕፍቴ ሥር ተቀምጠዋል። ስለ ስማቸው ጠይቄያለሁ፤ ስለ አፈጣጠራቸው ጠይቄያለሁ፤ ከሸረሪት ስለሚለዩበትም ጠይቄያለሁ። እርሷም ለጠየቅኋት ሁሉ ጉልበቷን አቅፋ ሳትሰለች ትመልስልኝ ነበር።

«አላውቅም ልጄ» አልሁት፤ «አልጠየቅኋትም።»